«መታጠፍ አያውቅም» ለተባለው ሙስታንግ ምላሽ

ስለ አዲሱ የአሜሪካ ስፖርት መኪና፣ ስለ ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ፣ የተጻፈ አንድ ትችት ሰሞኑን በአገር ልጆች መካከል ሲዘዋወር ሰነበተ። ለእኔም ከዚህም ከዚያም ተላከልኝ። መኪና እንደምወድ የሚያውቁ ሰዎች «እስቲ አንተ ምን ትላለህ?» ማለታቸው ነው። ያነበባችሁት ታውቁታላችሁ። ላላነበባችሁት በአጭሩ ላስቀምጠው።

ጸሐፊው መኪናውን ከሻጭ ለሙከራ ወስደው ከተማ ውስጥ ነድተውታል። ቀትር ላይ፣ በትራፊክ መብራት በተሞላ መንገድ፣ ሻጩን ጎናቸው አስቀምጠው። ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ። መኪናው ቀጥታ ከመሮጥ ሌላ አያውቅም። ስምንት ሲሊንደር ሞተሩ (ቪ8 የሚባለው) ጊዜው አልፎበታል። ውስጡ ጎማ የተገጠመለት ስልክ ነው። ድምፁ ጎረቤት ያጣላል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ ፍሪሲዮን መርገጥ ደግሞ በዚህ ዘመን ቅጣት ነው። የኋላ ወንበሩ ለሰው አልተሠራም። በረዶ ሲጥል ቤት ይውላል። መስል ካር፣ ማለትም ትልቅ ሞተር ያለው የአሜሪካ ፈጣን መኪና፣ የግድ ያማረው ሰው ኤሌክትሪኩን ዶጅ ቻርጀር ይግዛ፣ ይላሉ።

ብዕራቸው ይጥማል፤ እኔም እያነበብኩ ስቄያለሁ። አንዳንዱ ነጥብም እውነት ነው፣ እዚያ ላይ ስደርስ እላለሁ። ችግሩ ግን ከራሳቸው አፍ ይወጣል፦ «ሞተሩ ከ3,000 ዙር በላይ እንዲሄድ ዕድል አላገኘሁም» ብለው ጽፈዋል። ይህ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 7,150 ዙር ላይ ነው። ከግማሽ በታች ያዩትን መኪና ሙሉ በሙሉ ፈረዱበት። የቀረውን ግማሽ የሞሉት ስለ መስል ካር ድሮ በሰሙት ወሬ ነው።

እኔ የነዳሁት የጓደኛዬን ነው። የ2024 ሞዴል ጂቲ፣ ማኑዋል፣ ፐርፎርማንስ ፓኬጅ (ለስፖርት አነዳድ በተጨማሪ የሚገጠም ዕቃ) ያለው። ከተማ ውስጥም፣ ሀይዌይ ላይም፣ ተራራ ላይም ደጋግሜ ነድቼዋለሁ። ስለዚህ በየተራ እንሂድ።

«ቀጥታ ከመሮጥ ሌላ አያውቅም»

ይህ ወሬ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ያለ ምክንያት አልመጣም። ሙስታንግ በሚያዝያ 1964 ለሕዝብ ከቀረበ ጀምሮ ለ50 ዓመት ገደማ ከኋላው ወጥ አክስል ነበረው። ከ1999 እስከ 2004 ኮብራ በሚል ስም የተሸጠው ብቻ ነው ከዚህ የተለየው። ወጥ አክስል ማለት ግራና ቀኙ ጎማ በአንድ ብረት የታሰረ ነው። የግራው ጉድጓድ ሲገባ የቀኙም አብሮ ይንገዳገዳል። ቀጥታ መንገድ ላይ ከቦታው ተነስቶ ለመፈትለክ ጥሩ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ርካሽ ነው። ኩርባ መሃል ላይ አስፋልቱ ከተበላሸ ግን የመኪናው ቂጥ ወደ ጎን ይዘላል። ነድቶት የሚያውቅ ሰው ያን ድንጋጤ አይረሳውም።

ነገር ግን ያ በ2014 ሞዴል አብቅቷል። ከ2015 ሞዴል ጀምሮ ሁሉም ሙስታንግ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት ሳስፔንሽን አለው። አዲሱም የቆመው በዚያው መሠረት ላይ ነው። ጸሐፊው የተቹት መኪና ማምረቻውን ከለቀቀ አሥር ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

እኔ የማውቀውን መንገድ ልንገራችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከስፐሪቪል ተነስቶ ወደ ሉሬይ የሚሄደው መንገድ 211 ቶርንተን ጋፕ የሚባለውን የተራራ በር ያቋርጣል። ሽቅብ ነው፣ ኩርባው ተደራራቢ ነው፣ ሞተር ሳይክል ነጂዎች ይወዱታል። እሑድ ጠዋት በማለዳ ከደረሳችሁ ጭር ያለ ነው።

እዚያ ሽቅብ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ትመጣለህ። ኩርባው ሲቀርብ ፍሬን ትይዛለህ። ብሬምቦ የሚባለው የስፖርት ፍሬን ነው፤ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ በረገጥከው ልክ ይይዛል እንጂ ድንገት አይገታህም። ወደ ሁለተኛ ስትቀንስ ሞተሩ ራሱ ዙሩን ከፍ አድርጎ ይጠብቅሃል፤ ፍሪሲዮኑን ስትለቅ መኪናው አይንገጫገጭም። መሪውን ታዞራለህ። አፍንጫው ሳያመነታ ወደ ውስጥ ይገባል። ኩርባው መሃል ላይ ነዳጁን ቀስ እያልክ ስትሰጠው የኋላው ቁጭ ይልና ይገፋሃል። በፐርፎርማንስ ፓኬጁ የሚመጣው ቶርሰን ዲፈረንሻል ጉልበቱን መሬት ወደያዘው ጎማ ያሳልፋል፤ የውስጡ ጎማ በከንቱ አይሽከረከርም። አንደኛው ኩርባ ላይ አስፋልቱ በደንብ ያልተጠገነ ቦታ አለ። ሆን ብዬ መሃሉን ይዤ ሄድኩ። ዱብ አለ፣ አለቀ። መስመሩን አልሳተም።

ጸሐፊው ይህን ቢሞክሩ ኖሮ የሚተቹት ትክክለኛ ነገር ያገኙ ነበር። እሱም መሪው ነው። ፈጣን ነው፣ ይታዘዛል፣ ግን ደንዝዟል። የፊት ጎማው መሬቱን ምን ያህል እንደያዘ በእጅህ አይነግርህም። በድፍረት ነው ወደ ኩርባው የምትገባው። ክብደቱም አለ። 1,750 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ከግማሹ በላይ ደግሞ ፊት ላይ ነው። ኩርባ አከታትለህ ግራ ቀኝ ስትል አንድ ትልቅ ነገር እየመራህ እንደሆነ አይጠፋህም። ትንሽ የጃፓን ስፖርት መኪና የለመደ ሰው ወዲያው ይሰማዋል። «አይታጠፍም» እና «ሲታጠፍ አያወራህም» ግን በጣም የተራራቁ ክሶች ናቸው።

«ቪ8 ጊዜው አልፎበታል፣ 4 ሲሊንደሩ ይበቃል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው የሚያነጻጽሩት ከባለ 4 ሲሊንደሩ ሙስታንግ፣ ከ2.3 ሊትር ቱርቦው ኢኮቡስት ጋር ነው። 315 የፈረስ ጉልበት አለው። ቶርኩ (የማዞር ኃይሉ) 350 ፓውንድ ፉት ነው፣ የሚገኘውም ገና 3,000 ዙር ላይ። እንግዲህ እሳቸው ከ3,000 ዙር አልወጡም። በዚያ ክልል ውስጥ ከቪ8ቱ ብዙም ልዩነት አላየሁም ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን ከመብራት ወደ መብራት ብቻ ብነዳው ያንኑ እል ነበር።

«ጊዜው ያለፈበት» የሚለውን ግን አልቀበልም። ኮዮቴ የሚባለው ይህ 5.0 ሊትር ሞተር በ2011 ሞዴል መጣ፤ አሁን ያለው አራተኛው ትውልድ ነው። 32 ቫልቭ፣ እነሱን የሚከፍቱ አራት ካምሻፍት አለው። ነዳጁን በሁለት መንገድ ይረጫል፤ አንዱ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ፣ ሌላው ወደ አየር መግቢያው። በዚህኛው ትውልድ ደግሞ አየር የሚያስገባው በሁለት አፍ ሆኗል። ውጤቱ 480 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ድምፁ የሚስተካከለው አክቲቭ ማርሚታ ሲታዘዝ 486። በ1987 ባለ 5.0 ሊትሩ ሙስታንግ ስንት ነበረው? 225። ሊትሩ ያው ነው፣ ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ ቱርቦም አልተጨመረበትም። እንዲህ ያለውን ሞተር ኋላ ቀር ማለት ይከብዳል።

እንዲያውም ዘመናዊ ነው የተባለው ባለ 4 ሲሊንደር ሙስታንግ አሮጌ ሐሳብ ነው። የነዳጅ ቀውስ በመጣበት ዘመን የ1974ቱ ሙስታንግ 2 ጭራሽ ቪ8 አልነበረውም። በ1984 ደግሞ 2.3 ሊትር ባለ ቱርቦ፣ ኤስቪኦ የሚባል ሙስታንግ ወጥቶ ነበር። ሊትሩ ሳይቀር ከዛሬው ጋር አንድ ነው።

አሁን ወደ መንዳቱ። ቱርቦ ሞተር ነዳጅ ስትረግጥ ለአፍታ ያስባል፣ ከዚያ ይገፋሃል፣ ከዚያ ዙሩ ከፍ ሲል ይደክመዋል። ኮዮቴ ግልባጩ ነው። እግርህ የተንቀሳቀሰውን ያህል ያኔውኑ ይመልሳል፣ ሩብ ጣት ብትነካው ሩብ ጣት ነው። ከ4,000 በኋላ ድምፁ ይለወጣል። ከ5,000 በኋላ መኪናው ሌላ ነው። ከ6,000 በኋላ ማርሽ መቀየር እንዳለብህ እያወቅህ «ትንሽ ልቆይ» ትላለህ። ኩርባ መሃል ላይ ይህ ቅንጦት አይደለም። ጉልበቱ መቼና ስንት እንደሚመጣ ስለምታውቀው የኋላውን ጎማ በእግርህ ትቆጣጠራለህ።

ኢኮቡስቱ መጥፎ መኪና ነው አላልኩም። ወደ 100 ኪሎ ገደማ ይቀላል፣ አፍንጫውም ቀለል ስለሚል መታጠፉን ይወደዋል። ግን የሚመጣው በአውቶማቲክ ብቻ ነው። ለእኔ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። በዲሴምበር 2023 ቼቭሮሌት ካማሮም ዶጅ ቻሌንጀርም ምርታቸው ቆመ። በአንድ ወር ውስጥ። ቪ8 ሞተርና ማኑዋል ካምቢዮ ከነኋላ ወንበሩ የሚሸጥልህ የድሮ ተፎካካሪ አሁን የለም። «ጊዜው አልፎበታል» የሚለው ሰው ቢያንስ የቀረው ይህ ብቻ መሆኑን ማንሳት ነበረበት።

«ውስጡ ስልክ ነው»

በዚህ ከጸሐፊው ጎን ነኝ። ከመሪው ፊት 12.4 ኢንች ስክሪን አለ፣ መሃል ላይ 13.2 ኢንች ሌላ አለ። ድሮ ክሩስኮቱ ላይ የነበሩት የብረት ማብሪያ ማጥፊያዎች ጠፍተዋል። የአየር ማቀዝቀዣውን ለማስተካከል ስክሪን መንካት አለብህ። ዓይንህን ከመንገዱ ላይ ማንሳት ነው ይህ። የድምፅ መጠኑ ቁልፍ ባይተርፍ ኖሮ ጭራሽ ባለቀስን ነበር።

ፎርድ ስክሪኑን በማስገባቱ ያገኘው አንድ መልካም ነገር አለ፤ ጸሐፊው አላዩትም። ከስክሪኑ ምርጫ ውስጥ ገብታችሁ የድሮውን፣ ከ1987 እስከ 1993 የነበረውን ሙስታንግ ጌጅ ማምጣት ይቻላል። ማታ መብራት ስታበሩ እንደ ድሮው አረንጓዴ ይሆናል። ጓደኛዬ ከዚያ ወዲህ ሌላውን ምርጫ ነክቶት አያውቅም። የልጅ ጨዋታ ነው? አዎ። እኔም ወድጄዋለሁ።

የእጅ ፍሬኑም ያስቃል። ረጅም ዘንግ ነው፣ የድሮውን ይመስላል፣ ግን ኤሌክትሮኒክ ነው። የተሠራው የኋላውን ጎማ አስሮ መኪናውን ለማንሸራተት ነው። ባዶ የመለማመጃ ሜዳ ካላገኛችሁ አትንኩት።

«ጎረቤት ያጣላል»

ሊያጣላ ይችላል። ካልፈለግህ ግን አያጣላም። አክቲቭ ማርሚታ ያለው መኪና ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ አለ። ጸጥታ፣ መደበኛ፣ ስፖርትና ትራክ የሚባሉ አራት ደረጃዎች አሉት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በጸጥታው ስታስነሳው ከሠፈሩ መኪና ሁሉ ብዙም አይለይም። ጸሐፊው የሰሙት ሻጩ ሆን ብሎ በትራክ ያስነሳላቸውን ይመስለኛል። ሻጭ እንደዚያ ነው።

ስለ ድምፁ ካነሳን አይቀር፣ ያ የሚንቦቀቦቅ ነገር የአሜሪካ ቪ8 መለያ ነው፤ ምክንያቱም ክራንክ ሻፍቱ ላይ ነው። ክንዶቹ በ90 ዲግሪ የተቀመጡ ስለሆኑ በአንድ ጎን ያሉት አራቱ ሲሊንደሮች እኩል ጊዜ ጠብቀው አይተኩሱም። አንዴ ተቀራርበው፣ አንዴ ተራርቀው ይተኩሳሉ። ያ የተዛነፈ ምት ነው ከማርሚታው የሚሰማው።

በቁልፉ ላይ ባለ መጫኛ ከሩቅ ሆኖ ሞተሩን ማስጮህ የሚቻልበትን ነገር ግን ጸሐፊው «ያሳፍራል» ብለውታል። ትክክል ናቸው። እኔ የምከራከርለት አይደለም።

«ኤሌክትሪኩን ቻርጀር ግዛ»

ቁጥሩን ካየን ቻርጀር ዴይቶና ስካት ፓክ 670 የፈረስ ጉልበት አለው። ዶጅ ከቆመበት በሰዓት 60 ማይል ፍጥነት ለመድረስ 3.3 ሰከንድ ይበቃዋል ይላል። ሙስታንጉ ወደ 4 ሰከንድ አካባቢ ነው። በቀጥታ መንገድ ውድድር ከሆነ ተሸነፍን።

ግን ልብ በሉ። የጽሑፋቸው ዋና ክስ ሙስታንግ ቀጥታ ከመሮጥ ሌላ አያውቅም የሚል ነበር። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት መኪና ደግሞ ዋና ችሎታው ቀጥታ መሮጥ ነው! ክብደቱ ከ2,600 ኪሎ በላይ ነው። ከሙስታንጉ ወደ 900 ኪሎ ገደማ ይበልጣል። ሙስታንጉ ላይ ሌላ ትንሽ መኪና ጭነህ እንደመንዳት ቁጠረው። በዚያ ክብደት ኩርባ መግባት፣ በዚያ ክብደት ፍሬን መያዝ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም።

ድምፁንም ዶጅ በመሣሪያ ነው የሠራለት። ከኋላ ባለ ልዩ ሳጥን በኩል የሚወጣ የሞተር ድምፅ የሚመስል ነገር ነው። ዶጅ ራሱም ብዙ ሳይቆይ በዚያው አካል ላይ 3.0 ሊትር፣ ባለ ሁለት ቱርቦ፣ ስድስት ሲሊንደር ነዳጅ ሞተር ገጥሞ አወጣ፤ አንዱ 420፣ ሌላው 550 የፈረስ ጉልበት ያለው። የኤሌክትሪክ መስል ካር ብቻውን ገበያውን ይዞ ቢሆን ኖሮ ይህን ያደርጉ ነበር?

አገር ቤት ላሉ አንባቢዎች ይህ ክርክር ለጊዜው የወሬ ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሄዱ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። እዚያ ሆነው ከሁለቱ አንዱን ቢመኙ ምርጫው በሌላ ሰው ተወስኗል።

«ነዳጅ ይጠጣል»

ይጠጣል። ይህን ለመካድ አልተነሳሁም። የመንግሥት መለኪያው ማኑዋሉን ጂቲ ከተማ ውስጥ በጋሎን 14 ማይል፣ ሀይዌይ ላይ 23፣ በአማካይ 17 ይለዋል። አውቶማቲኩ በአማካይ 18 ነው። ጸሐፊው ግን «ኪስ ያራቁታል» ብለው አለፉ፤ ስንት እንደሆነ አላሰሉም። እኔ ላስላው።

በዓመት 12,000 ማይል የሚነዳ ሰው በ17 ማይል ሂሳብ 706 ጋሎን ገደማ ይቀዳል። በአማካይ 26 የሚሄደው ኢኮቡስት 460 አካባቢ ይፈልጋል። የ2025ቱ ሃይብሪድ ካምሪ በ51 ማይል ሂሳብ 235 ይበቃዋል። በጂቲውና በካምሪው መካከል ያለው ልዩነት 470 ጋሎን ነው። ጋሎኑን በ3 ዶላር ከ50 ብናስበው በዓመት ወደ 1,650 ዶላር ይመጣል። ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ኡበር ለሚሠራ ሰው እብደት ነው፤ ካምሪውን ይግዛ፣ እኔም ካምሪ ነው የምነዳው። ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚያወጣው ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ 4,000 ማይል ላይሞላ ይችላል። ለሱ ልዩነቱ ከ600 ዶላር በታች ነው። ኪስ የሚያራቁተው ከ40 ሺህ ዶላር በላይ የሆነው ዋጋውና ኢንሹራንሱ ነው። በተለይ ለወጣት ልጅ። መኪናውን ከማየታችሁ በፊት ኢንሹራንሱን ጠይቁ። ጸሐፊው ይህን አላነሱትም፣ ከነዳጁ ይልቅ ግን ይህ ነበር መነሳት ያለበት።

«ፍሪሲዮን መርገጥ ቅጣት ነው»

«አገር ቤት ማኑዋል መንዳት ሰልችቶን መጥተን፣ ተመልሰን ለዚያ ከፍለን እንግዛ?» ብለዋል። ይህች አረፍተ ነገር አስቃኛለች። ብዙዎቻችን መንጃ ፈቃድ ያወጣነው በማኑዋል ነው። ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን አስነስተን፣ ፈታኙ ጎማው ስር ድንጋይ አስቀምጦ «ወደ ኋላ ብትንሸራተት ወደቅክ» ሲለን።

ለዚያም ነው ይህ መኪና ለእኛ ቀላል የሚሆነው። አሜሪካዊው ጎረቤትህ ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ አንተ እግርህ ያስታውሰዋል። የድሮው ቅጣትም የለም። ዳገት ላይ መኪናው ራሱ ለአፍታ ይዞልህ ይቆያል። ፍሪሲዮኑ ለዚህ ሁሉ ጉልበት ቀላል ነው። የከተማ መጨናነቅ ውስጥ፣ በተለይ ዓርብ ማታ ዋሽንግተንን በሚዞረው 495 ሀይዌይ ላይ፣ እግር ይደክማል፤ እሱን አልዋሽም።

ካምቢዮው ላይ ግን የምለው አለ። ጂቲው ላይ ያለው ባለ ስድስት ማርሽ ጌትራግ ጥሩ ነው፣ ምርጥ አይደለም። ቀስ ስትል ይገባል። ስትቸኩል ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ለመግባት ቅር ይለዋል። ፎርድ 500 የፈረስ ጉልበት ላለው ሌላው ሙስታንግ፣ ለዳርክ ሆርስ፣ የሚገጥመው ሌላ፣ የትሬሜክ ካምቢዮ ነው። ያ ለብቻው ብዙ ይናገራል። ጸሐፊው ማኑዋሉን መንቀፍ ካስፈለጋቸው በዚህ በኩል መምጣት ነበረባቸው። ባለ አሥር ማርሹ አውቶማቲክ ይፈጥናል፣ ይህ እውነት ነው። ግን ከአሥሩ ማርሽ የሚመርጠው ኮምፒውተር በተራራ ላይ ያሰብከውን ሳይሆን የራሱን ይመርጣል።

«የኋላ ወንበሩ ለሰው አልተሠራም»

እውነት። ለልጅ ይሆናል፣ ለቦርሳ ይሆናል። አማትን ከኤርፖርት ለመቀበል ይዛችሁት እንዳትሄዱ።

ያላነሱት ትልቁ ክስ

እኔ የመኪናው ጠላት ብሆን የማነሳው ይህን ነው። ይህ ሞተር የሚጣፍጠው ከ5,000 ዙር በላይ ነው ብያለሁ። በሁለተኛ ማርሽ 7,000 ዙር ስትደርስ ፍጥነትህ ከ70 ማይል አልፏል። በሁለተኛ! ገና አራት ማርሽ ይቀራል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል መብለጥ፣ ሬክለስ ድራይቪንግ (በግዴለሽነት መንዳት) ነው። ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም፣ የወንጀል ክስ ነው። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ አለው። የዜግነት ማመልከቻ የሚሞላ ሰው «ተከሰህ ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ያውቃል። የራዳር ጠቋሚ መሣሪያ እንዳትሉኝ፣ እሱም ቨርጂኒያ ውስጥ የተከለከለ ነው።

ስለዚህ በሕግ መንገድ ላይ የዚህን መኪና ሙሉ አቅም በአንድ ማርሽ ተኩል ነው የምታየው። ተራራ ላይ፣ ሽቅብ፣ ለጥቂት ሰከንድ። ስካይላይን ድራይቭን የመሰለ 105 ማይል ውብ መንገድ አለን፤ የተፈቀደው 35 ማይል ነው፣ አጋዘን እየዘለለ ይገባል። እዚያ ላይ በሦስተኛ ማርሽ መስኮት ከፍተህ ድምፁን እየሰማህ ትሄዳለህ እንጂ ሌላ ነገር አታደርግም። እኔ ይህ ይበቃኛል። ለማይበቃው ሰው ያለው አማራጭ ከፍሎ የውድድር ሜዳ መግባት ነው።

«በረዶ ሲጥል ቤት ይውላል»

የኋላ ጎማ የሚገፋው መኪና በረዶ ላይ ይቸገራል፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ግን ጸሐፊው ጥፋቱን ሁሉ በመኪናው ላይ ጫኑት። ግማሹ ጥፋት የጎማው ነው። ፐርፎርማንስ ፓኬጁ ይዞት የሚመጣው የበጋ ጎማ ነው። ቅዝቃዜው ወደ 4 እና 5 ዲግሪ ሲወርድ ጎማው ይደርቃል፣ መሬት መያዝ ያቆማል። በረዶ ሳይጥል፣ በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ ጠዋት ጠዋት ይንሸራተታል። ኖቬምበር ላይ «ምን ነካው ይሄ መኪና?» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ሳያውቁ ነው።

ጓደኛዬ ሌላ ቸርኬ ላይ የበረዶ ጎማ አስገጥሞ ጋራዡ ውስጥ አስቀምጧል። ኖቬምበር ላይ ይቀይራል፣ ማርች ላይ ይመልሳል። ባለፈው በረዶ ሥራ ሲሄድበት ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ የማሽከርከሪያ ምርጫውን ዝናብና በረዶ ላይ አድርጎ። የምትገዙ ከሆነ አራቱንም ግዙ። ኋላ ሁለቱን ብቻ ከቀየራችሁ መኪናው ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ግን የፊቱ አይታጠፍም፣ ፍሬኑም አይይዝም።